የቀኙ ጫማ

አሰልጣኙን ሰላም ካልኩት አስራ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በአንድ ግቢ እየሰራን፣ በአንድ በር እየገባን እየወጣን ማለት ነው። ከመልበሻ ክፍሉ በኩል ሲመጣ ካየሁት ባልዲዬን አነሳና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያልሰማሁት እየመሰለው «እንደምን አደርሽ» የሚለውን ሁለት ሦስቴ ይደጋግም ነበር። ኋላ ሲሰለቸው ተወው። አዲስ የሚመጡ ተጫዋቾች ነገሩ ሳይገባቸው፣ እትዬ፣ ኮች እኮ ሰላም ብሎሽ ነው ያለፈው ይሉኛል። በዚያ በኩል ያለው ጆሮዬ አይሰማም እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ነገሩ የታናሽ ወንድሜ ነገር ነው። እናታችን ስታርፍ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አስራ ስምንት። አባታችን ጫማ ሰፊ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከሱቁ አይወጣም፤ ልጁን አጥቤ፣ አብልቼ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መሮጥ ግን ማንም አላስተማረውም። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው የፋብሪካው ቡድን የቀኝ መስመር ተጫዋች ነበር፤ ጥይት ነበር የሚሉት። ኳሷ ወደፊት ከተጣለችለት ተከላካዩ እጁን ከማወናጨፍ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረም።

የማጠቢያ ክፍሌ ከተመልካቹ መቀመጫ ስር ነው። መስኮቱ ከሳሩ እኩል ስለሆነ የሚታየኝ እግር ብቻ ነው፤ ፊታቸውን ሳላይ ማን ማን እንደሆነ በእግሩ እለየዋለሁ። የዚያን ቀን የወንድሜ እግር በመስኮቴ ፊት እየበረረ ሲያልፍ አየሁት። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ እጁ፣ ከዚያ ፊቱ ራሱ መስኮቴ ላይ መጣ። የቀኝ ጭኑን ከኋላ በሁለት እጁ ጨብጦታል። ማንም አልነካውም። እሱ ግን በድንጋይ እንደመቱት ሰው ዞሮ የመታውን ፈለገ። ከኋላው ያለው ባዶ ሳር ነበር።

ሁለት ወር ተኝቶ ተመለሰ። በዚያው እግር፣ በዚያው ቦታ እንደገና ተበጠሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ተመልካቹ ሳቀ። በእረፍት ሰዓት እኔ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ካልሲ እየለቀምኩ፣ አሰልጣኙ በሁሉም ፊት ተናገረው።

«የሚበጠሰው የሰነፍ ጡንቻ ነው» አለው። «ልምምድ ላይ እግሩን የሚጎትት ሰው ጨዋታ ላይ ይዘረራል።»

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ የተጠቀለለ ጭኑን ያይ ነበር። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ አሰናበቱት።

አሁን ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው የማይገባባት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል። ሰው አይቶት፣ አንተ ያ ጥይት አይደለህም እንዴ፣ ምነው ተውከው ሲለው፣ «ስንፍና» ይላል። እየቀለደ አይደለም፤ አምኖበት ነው። እኔን ዓመት ከዓመት ሲያንገበግበኝ የኖረው ይሄ ነው። አሰልጣኙ መናገሩ አንድ ነገር፤ ወንድሜ ማመኑ ሌላ ነገር። ስንቴ ተጨቃጨቅን። ተይው እታለም፣ ሰውየው አየኝ፣ ያየውን ተናገረ ይለኛል።

ስለዚህ ማስረጃ አስቀመጥኩ። የመጨረሻ ጫማውን በማልያው ጠቅልዬ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። የቀኙ ጫማ ጫፉ ተበልቶ ያለቀ ነው። ሦስት ጊዜ ጎማ አልብሼዋለሁ፣ ሦስቱንም ጨርሶታል። አንድ ቀን አሰልጣኙ ጠረጴዛ ላይ ጥዬ፣ እስቲ የሰነፍ ጫማ እንዲህ ያልቃል ወይ ልለው ነበር ሐሳቤ። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህቺን ንግግር ልብስ እየጨመቅኩ ስለማመዳት ኖርኩ። ያቺ ቀን ግን አልመጣ አለች።

ስለ ጎማው ልናገር። ስቀጠር ለልብስ አጣቢነት ነው። ግን የአባቴ ወስፌ፣ መዶሻና ቢላዋ ከኔ ጋር ስለነበሩ የተጫዋቾቹንም ጫማ መስራት ያዝኩ። ሜዳችን ግማሹ ሳር፣ ግማሹ ጠጠር ነው። ልጆቹ ሲነሱ መሬቱን በጫማቸው ጫፍ ይቧጥጡታል፤ ጫማ አይበረክትላቸውም። እኔ ታኬታውን እነቅልና፣ ከከባድ መኪና ጎማ የቆረጥኩትን ወፍራም ቁራጭ በማስቲሽ እለጥፋለሁ። ዙሪያውን በሰም ክር እሰፋና ታኬታውን መልሼ በላዩ አጠብቃለሁ። አባቴ ሥራውን የሚለካው በአንድ ነገር ነበር፤ የሰፋው ጫማ በዚያው ቦታ ዳግመኛ እንዳይከፈት። የኔ አይከፈትም። ሌላ ቡድን ውስጥ ያሉ ሳይቀሩ ይልኩልኛል። እትዬ ጎማ ነው የሚሉኝ፣ ስጠራበትም ደስ ይለኛል።

ታዲያ የምሰራው የተጎዳውን ጫማ ብቻ ነው። ደህናውን ምን ብዬ እነካዋለሁ?

ዘንድሮ አራት ተጫዋቾች በተከታታይ የኋላ ጭናቸው ተበጠሰ። የቡድኑ ኃላፊዎች ግራ ሲገባቸው ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ሴት አመጡ። የሩጫ እንቅስቃሴ ነው የምታጠናው ተባለ። ልጆቹ ወዲያው ባለካሜራዋ አሏት። በሜዳው ዳር ስድስት ካሜራ ተከለች፣ መሬት ውስጥ የብረት ሳህን ቀበረች። በየተጫዋቹ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ኳሶች ትለጥፋለች። ልጆቹ በቁምጣ ተሰልፈው፣ ሙሽራ ልታደርጊን ነው ወይ እያሉ ይሳሳቃሉ። የማጣበቂያው ቅሪት ከቁምጣው አልለቅ ስላለኝ ልቆጣት ሄድኩ፤ የተዋወቅነው በዚያ ነው።

ሩጫ ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልገዋል፣ ሕፃን ልጅም ይሮጣል አልኳት። አልተቀየመችም። ወንበር ሳበችልኝና፣ እስቲ ነይ እትዬ፣ ሕፃን ልጅ እንዲህ ይሮጥ እንደሆነ ንገሪኝ ብላ ላፕቶፑን አዞረችልኝ።

የዚያን ጊዜ የቀኝ መስመራችን አንድ ሽቦ የሚሉት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው፤ በቅርቡ ሚስቱ መንታ ወልዳለታለች። ፊልሙ ላይ እሱ ነው የሚሮጠው፣ ግን በጣም በዝግታ። እኔ እነዚህን እግሮች ሃያ ዓመት በመስኮት ሳያቸው ኖሬያለሁ፤ ምንም አይቼ አላውቅም ማለት ነው ለካ። እግሩ መሬት ሲነካ ባቱ እንደ ውሃ ተናወጠ። ጉንጩ ሳይቀር ወደ ታች ወርዶ ተመለሰ። ቆሞ ሲመዘን ስልሳ ስምንት ኪሎ ነው። ሳህኑን ሲረግጥ ግን ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ይሆናል አለችኝ፤ እሱን የሚያህሉ ሦስት ሰዎች በአንድ እግሩ ላይ እንደቆሙ ቁጠሪው። እሱንም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው የሚሸከመው። ወዲያው መሬቱን ለቆ ሄዷል።

እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ይሄ ልጅ በየሳምንቱ ይሄን ያህል እየተሸከመ ነው እንዴ ከኔ ጋር የሚያሾፈው?

እሷ ደግሞ መናገር ስትጀምር አታቆምም፣ ግን ይገባል። የአትሌቲክስ ሯጭ መስመሩ የታወቀ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ ይደርሳል አለችኝ። ኳስ ተጫዋች ግን አስር እርምጃ በርሮ ይቆማል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይበራል፤ እየሮጠም ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው፣ ወገቡ ወደ ሌላ ዞሯል፣ ሰው በክርኑ ይገፋዋል። በዚህ ሁሉ መሃል እግሩ በልክ መወርወርና በልክ መመለስ አለበት።

«ጡንቻው የሚበጠሰው መቼ ይመስልሻል?» አለችኝ።

«መሬቱን ሲገፋ ነዋ።»

«ብዙውን ጊዜ አይደለም። እግሩ አየር ላይ እያለ ነው። ወደፊት ተወርውሮ ሊያርፍ ሲል የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ይሄ የኋላ ጭን ጡንቻ ፍሬኑ ነው። እየተለጠጠ ይይዘዋል፣ ይዞ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ፍሬኑ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ይበጠሳል። ማንም ሳይነካው።»

ወንድሜ ዞሮ የመታውን ሲፈልግ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ሰነፍ ስለሆነ ነው እንዴ የሚበጠሰው አልኳት። ሳቀች። ሰነፍማ ምን ሲል በዚያ ፍጥነት ይሮጣል፣ በጣም ሲፈጥኑ ነው የሚበጠሰው አለችኝ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፌ አላውቅም። አገኘሁት። አስራ ሁለት ዓመት የፈለግኩት ቃል ከተማረች ሴት አፍ ወጣ። የሚቀጥለው ሳምንት ጫማውን ይዤ አሰልጣኙ ቢሮ እገባለሁ፣ ባለካሜራዋንም ምስክር አደርጋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ለወንድሜ ግን ገና አልነገርኩትም፤ አሰልጣኙን ካዋረድኩት በኋላ ይሁን ብዬ።

ማክሰኞ ልጆቹን ለሁለተኛ ጊዜ ለካቻቸው። እኔም ኳሶቹን በመለጠፍ እረዳት ጀምሬ ነበር። ሽቦ ሦስት ጊዜ ሮጠ። ባለካሜራዋ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። አራተኛ አስሮጠችው። ከዚያ ጠርታው ጠየቀችው፤ የሚያምህ ነገር አለ? የለም። ወድቀሃል? አልወደቅኩም። እንቅልፍ? መንታ ወልጄ ምን እንቅልፍ አለ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ሁለቱ እግሮቹ እኩል ነበሩ። አሁን የቀኙ ዘግይቷል፤ ወደፊት ሲወረወር ርቆ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይዘገያል፣ ከሰውነቱ ቀድሞ ያርፋል። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቢጫወት ለጭኑ እሰጋለሁ አለች። በዚህ ወር ምን ቀየርክ ስትለው አሰበ፣ አሰበና፣ ደስ ብሎት እግሩን አነሳ።

«ጫማዬ ብቻ ነው አዲስ የሆነው። እትዬ ጎማ ናት የሰራችልኝ፤ ይሄ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል።»

ጫማውን አስወልቃ በአንድ እጇ ያዘችው። ሌላውን በሌላ እጇ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገቻቸው። ሚዛን አለሽ አለችኝ። ሳሙና የምመዝንበት አለኝ አልኩና ሮጬ አመጣሁላት። በገዛ እጄ።

ግራው ሁለት መቶ አርባ ግራም። ቀኙ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት።

ሽቦ ሳቀ፤ መቶ ምናምን ግራም ምናት፣ ሁለት እንቁላል አይደለችም ወይ አለ። እኔም ቶሎ ብዬ እውነቱን ነው አልኩ። ባለካሜራዋ ከቅርጫቴ ረጅም ካልሲ አነሳች፣ አንድ ደረቅ ሳሙና ከታችኛው ጫፉ ከተተችበትና ሰጠችኝ። በኃይል ወደፊት ወርውሪው፣ ከዚያ ድንገት ያዥው አለችኝ። ወረወርኩ፣ ያዝኩ። ምንም አይል። ሁለተኛ ሳሙና ጨመረችበት። ስወረውር ያው ነው። ስይዘው ግን ክንዴን ከትከሻዬ የነቀለው መሰለኝ፤ ካልሲው ከእጄ አመለጠና ግድግዳው ላይ ጧ ብሎ ወደቀ።

«ተቀምጦ ሁለት እንቁላል ነው» አለች። «የሚያርፈው ግን እግሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ከፍሬኑ በጣም የራቀው ቦታ። በአንድ ጨዋታ ስንት መቶ ጊዜ እንደሚወረወር አስቢው።»

ሽቦ የሆነ ነገር እያወራ ነበር፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ ድምፁ አይሰማኝም። እኔ የማየው ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለውን ጥቅል ነው። ሚዛኑን አንስቼ በብብቴ ይዤ፣ የመታጠቢያውን ውሃ ሳልዘጋ፣ ወጣሁ።

ቤት ማንም አልነበረም። የቀትር ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ወንበር ላይ ወጥቼ ጥቅሉን አወረድኩ። ማልያው አቧራ ጠጥቷል። ግራውን ጫማ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። ቀኙን አስቀመጥኩ። ቁጥሩ ሲወጣ የተበላሸ መስሎኝ አንስቼ ደግሜ አስቀመጥኩት። አራት መቶ ሠላሳ።

ጫፉ ያለቀ ነው፣ ግን ጎማው የለበሰው ጫፉን ብቻ አይደለም። ከጫፍ እስከ ወገቡ ሦስት ድርብ አለ። አንዱ በአንዱ ላይ፣ በሰም ክር፣ የማይላቀቅ። የኔ ስፌት። እያንዳንዱን ድርብ መቼ እንዳደረግኩት አውቀዋለሁ፤ እንዴት እረሳለሁ። የመጀመሪያውን ያደረግኩት መጀመሪያ ከመውደቁ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ሁለተኛውን ከጉዳቱ ሲመለስ፣ በአዲስ ጉልበት ይግባ ብዬ። ሦስተኛውን ደግሞ ልቡ ስለተሰበረ፣ እኔ ምን ላድርግለት ስል፣ ካለኝ ሁሉ ወፍራሙን ጎማ መርጬ ነው። እሱ በተመለሰ ቁጥር እኔ ጨመርኩበት። ለአሰልጣኙ ብዬ ያስቀመጥኩት ማስረጃ አስራ ሁለት ዓመት ከራሴ በላይ ተሰቅሎ እኔኑ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ እንኳን አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጫማዎቹን ለባለካሜራዋ አሳየኋት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ረጅም ሰዓት አገላብጣ አየቻቸው። ከዚያ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም አለችኝ። አንዴ የተበጠሰ ጡንቻ በራሱ ዳግም መበጠስ ይቀናዋል፤ ምናልባት ሳይድን ቶሎ መልሰውት ይሆናል፣ ምናልባት ድካም ነበረበት፣ ምናልባት የሚያጠነክር ልምምድ አልነበረውም። እንዳላለቅስ ብለሽ ነው አልኳት። አይደለም፣ እውነቱ ስለሆነ ነው አለች።

«ጎማውስ?» አልኳት። «እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አልጠቀመውም፣ እትዬ» አለችኝ።

መደርደሪያዬ ላይ ጎማ የለበሱ አምስት ጫማዎች ነበሩ። የሽቦን ጨምሬ ስድስቱንም እዚያው ተቀምጬ በቢላዋ ተረተርኳቸው። የሽቦን ቀድሜ ነው የፈታሁት። እንዲህ የሰፋሁትን መፍታት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ጣቴ ቆሰለ። እየተረተርኩ አንድ ሐሳብ ይመላለስብኝ ጀመር። በዚሁ ማለቅ ይችላል እኮ። ልጆቹ ጫማቸው ቀለለ፤ ጨረስኩ። የአስራ ሁለት ዓመቱን ከኔና ከባለካሜራዋ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እሷም ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች። አሰልጣኙ ጥፋተኛ እንደሆነ ይቀራል። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞርኩ እኖራለሁ። ለወንድሜም፣ አልነግርህም ነበር ወይ፣ ሰነፍ አይደለህም እለዋለሁ፣ ስለ ጎማው ሳላነሳ።

ግን አያምነኝም። አስራ ሁለት ዓመት አላመነኝም። ልብሱን አጥባ ያሳደገችው እህቱ ነኝ፤ ምን ብል ለማጽናናት ነው። እንዲያምን ከተፈለገ የሚዛኑን ቁጥር በዓይኑ ማየት አለበት። ቁጥሩን ካየ ደግሞ ስፌቱን ያያል፣ የማን እጅ እንደሆነ አይጠይቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሚዛኑንና ጥቅሉን ይዤ አሰልጣኙ ቢሮ ገባሁ። ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ከቅርብ ሆኜ ካየሁት ስንት ዘመኔ።

«እንደምን አደርክ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ከኋላዬ በሩን አየ። ብዕሩ ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ። አላነሳውም። «እንደምን አደርሽ» አለ በስንት ጊዜው፣ ቀስ ብሎ፣ የሚሰበር ነገር እንደሚያስቀምጥ ሰው።

የተለማመድኩት ንግግር አንዱም አልወጣ አለኝ። ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ጫማዎቹን በየተራ መዘንኩለት፣ ስለ ሽቦም ስለ ሳሙናውም ነገርኩት። ይሄን የሰፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። እንዲቆጣኝ፣ ካልሆነም እንዲያባርረኝ ጠብቄ ነበር። ቀኙን ጫማ አነሳና ክብደቱን በእጁ ሲያውቀው ፊቱ ልውጥ አለ።

«እግሩ ሲጎተት አይቼ ነበር» አለ። «የቀኙ። ልምምድ ላይ። ይዘገይ ነበር እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ስንፍና ነው ብዬ…»

ሳይጨርሰው ቀረ። ለካ ሰውየው አልዋሸም። የሰፋሁትን ጎማ ነው ያየው፣ ስሙን ነው የሳተው።

ለሱም ሆነ ለኔ ብዙ ጊዜ አልሰጠሁም፤ ብዘገይ ልቤ ይመለስብኝ ነበር። ሰነፍ ያልከው በሰው ፊት ነው፣ አሁንም በሰው ፊት ና ንገረው አልኩት። ኮቱን አነሳ። መንገዱን ሁሉ እሱ ጫማዎቹን ይዟል፣ እኔ ሚዛኑን።

ወንድሜ ጋ አንድ ወፍራም ሰውዬ የቤቱን ቁልፍ እየጠበቀ ነበር፣ አንዲት ሴትዮም ከኋላው። ወንድሜ አሰልጣኙን ሲያይ ማሽኑን አጠፋና ተነሳ፣ ያኔ ጥፋት ሲያጠፋ እንደሚነሳው። ከዚያ ጫማዎቹን አየ፣ ከዚያ እኔን። ሚዛኑን ቁልፎቹ መሃል አስቀመጥኩና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ድርቡን፣ ሳምንቱን፣ ግራሙን። ወንድሜ አራት መቶ ሠላሳ የሚለውን ቁጥር ሲያይ ቆየ።

«ከባድ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ምን?»

«ገና ያደረግኩት ቀን ነው ያወቅኩት። ስሮጥ ወደኋላ ይጎትተኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ!»

«እታለም፣ ስትሰፊው ወስፌው ወግቶሽ ክሩ ላይ ደም ነበር። ከባድ ነው እንዴት ልበልሽ? እለምደዋለሁ ብዬ። ኋላ ደግሞ ኮች ሲናገረኝ፣ ጫማው ሳይሆን እኔው ነኝ ማለት ነው አልኩ።»

የሱቁን ቆርቆሮ ያዝኩ። እኔ ለሱ ስል ሰፋሁ፣ እሱ ለኔ ሲል ዝም አለ። በመሃላችን እግሩ ተበጠሰ።

አሰልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገ። ወፍራሙ ሰውዬና ሴትዮዋ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ጸጥ ብለው ያዩናል። «ሰነፍ አልነበርክም» አለው። «ያየሁትን አላወቅኩትም ነበር። በሰው ፊት ስለተናገርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አልነበርኩም?» አለ ወንድሜ።

«አልነበርክም።»

ወንድሜ ተቀመጠና ማሽኑን አበራ፣ የሰውየውን ቁልፍ መቅረጽ ቀጠለ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ የማሽኑ ጩኸት ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሸፈነው። ቁልፉ ተበላሸበት። ሁለተኛ ብረት አነሳ። ሰውየው፣ አይዞህ፣ አልቸኩልም አለው።

እኔ ምን ላድርግ? ደንበኛ የሚቀመጥባትን አጭር በርጩማ ሳብኩና ከሱቁ ደጃፍ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ፣ ቀኙን ጫማ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ከሽርጤ ኪስ የአባቴን ቢላዋ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ድርብ ተረተርኩ። አሮጌው ማስቲሽ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ተረከዙን ያዘልኝ፣ እኔ ሳብኩ። ሁለተኛውን ተረተርኩ። ሦስተኛው ስር የደረቀ ክሬ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አገኘሁ፤ እሱንም ቆረጥኩት። ሦስቱን የጎማ ቁራጭ እግሬ ስር ጥዬ፣ ጫፉ የተቀደደውን፣ ልስልሱን፣ ባዶውን ጫማ በመስኮቱ አቀበልኩት።

ወንድሜ ማሽኑን አጥፍቶ ተቀበለኝ። በአንድ እጁ ይዞ ከፍ ዝቅ አደረገው። ወደፊት ወረወረውና በአየር ላይ መልሶ ያዘው።

«ይቺ ጫማ እንዲህ ቀላል እንደነበረች ረስቼ ነበር» አለ።